ኳ ካለ ጤነኛ ነው

በየፋብሪካው ጥገና ክፍል ለተሸሸገው ሊቅ ምስጋና ይድረሰው። የስቲም (የእንፋሎት) መስመሩ ስንት ዓመት ቀረው ቢሉት ካልኩሌተር አይጠይቅም። መዶሻውን ያነሳል፣ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና «ሃያ ዓመት አያሰጋም» ብሎ ይፈርማል። ሐኪም እንኳ በልብ ላይ ይህን ያህል አይደፍርም!

ስሌት የሚወዱት ግን ነገር ያካብዳሉ። 6 ኢንች ስኬጁል 40 (የግድግዳ ውፍረት ደረጃ ነው) ቧንቧ አዲስ ሳለ ግድግዳው 7.1 ሚሊሜትር ነበር፤ ከ10 ዓመት በኋላ በአልትራሳውንድ ሲለካ 5.1 ሆነ እንበል። በዓመት 0.2 ተበልቷል ማለት ነው። ለመስመሩ የተፈቀደው ትንሹ ውፍረት 3 ከሆነ፣ የተረፈው 2.1 ለ0.2 ሲካፈል አሥር ዓመት ተኩል ይሰጣል። ጥሩ ነበር፤ እነሱ ግን መዝገብ ገልጠው ከሁለት ዓመት በፊት 5.9 እንደነበር ያገኛሉ። ሰሞኑን በዓመት 0.4 እየሄደ ነው! የባሰውን ይዘው ዕድሜውን ወደ አምስት ዓመት ያወርዱታል፣ በእኩሌታው ላይም፣ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሞላ፣ ደግመን እንለካለን ይላሉ። ሟርተኞች።

ሊቃችን መለካት ግድ ቢሆንበት እንኳ ለእጅ የሚመቸውን ቀጥ ያለ ቦታ ይመርጣል። ፍሰቱ የሚገርፈውን የኤልቦ (የቧንቧ መታጠፊያ) ውጭኛ ጀርባ፣ ከኢንሱሌሽን (ከሙቀት መከላከያ ልባስ) ሥር ረጥቦ የሚዝገውንም አይነካ፤ መሰላል ያስፈልጋላ። ነጥቡን ምልክት ስለማያደርግበት በየዓመቱ ሌላ ቦታ ይለካል፣ ያውም ቀለሙ ላይ። ተራው መለኪያ 0.3 ሚሊሜትር ቀለምን ከእጥፍ በላይ አድርጎ በብረት ሒሳብ ይቆጥረዋል። እናም ቧንቧው ከአምናው ወፍሮ ይገኛል። እንዲህ የሚፋፋ ብረት የት ይገኛል?

እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓን ሚሃማ የኑክሌር ጣቢያ ሦስተኛው ሪአክተር ውስጥ ከኦሪፊስ (ፍሰት ከሚለካበት ባለቀዳዳ ሳህን) ቀጥሎ ያለ ቧንቧ ፈንድቶ 5 ሠራተኞች ሞቱ። 10 ሚሊሜትር የነበረው ግድግዳ ከ2 በታች ሳስቶ ነበር። ቦታው ከምርመራ ዝርዝሩ ተዘልሎ፣ ሪአክተሩ ሥራ ከጀመረበት ከ1976 አንስቶ አንዴም አልተለካም። መዶሻ እንኳ አልደረሰበትም መሰለኝ።

ለማንኛውም በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳ ይመጣል ተብሏል። ቧንቧው ከመለካቱ በፊት ሁለት እጅ ቀለም ይጨመርለት።