ፍተሻው ከፊሽካው በፊት ይሁን

የ2014 አዲስ ዓመት በገባ ማግስት ኢትዮጵያዊው ሯጭ ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ብዙም ሳይቆይ ድሉ ተሰረዘ። የጫማው ሶል ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የሚፈቀደው 4 ነው። አሸናፊነቱ በ3 ሰከንድ ተቀድሞ ለገባው ኬንያዊ ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ።

በሕጉ ላይ ቅሬታ የለኝም። የሶል ውፍረት ወሰን ካልተበጀለት ፉክክሩ የሯጮች መሆኑ ቀርቶ የፋብሪካዎች ይሆናል። ደራራም የራሱ ጥፋት አለበት፤ ከውድድሩ በፊት ያስመዘገበው ጫማ ሕጋዊ ሆኖ ሳለ የሮጠው በሌላ ነው። የሚቆጨኝ ግን ነገሩ የተያዘበት ሰዓት ነው። አንድ ዳኛ መነሻው ላይ ጎንበስ ብሎ የፊተኞቹን ሯጮች ጫማ ቢያይ ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ከተሮጠ በኋላ የተገኘ ጥፋት ማንን ጠቀመ? ደራራ ድሉን አጣ። ላንጋትም የመጨረሻዋን መስመር እንደ አሸናፊ የማለፍ ደስታው ቀረበት።

እግር ኳስ በዚህ በኩል የተሻለ ሥርዓት አለው። የጨዋታው ሕግ 4ኛ አንቀጽ እጅጌ ያለው ማልያ፣ ቁምጣ፣ ካልሲ፣ የቅልጥም መከላከያና ጫማ ግዴታ ናቸው ይላል። ቀለበት፣ ሐብል፣ ጉትቻ፣ የቆዳም ሆነ የላስቲክ አምባር ክልክል ነው፤ በፕላስተር መሸፈንም አያስፈቅድም። ቡድኖቹ ሊገቡ ሲሰለፉ ዳኞቹ እያንዳንዱን ተጫዋች እግሩን አስነስተው ታኬታውን በጣት ይዳስሳሉ፣ ጣቱንና አንገቱን ያያሉ። ስለት ያወጣ ታኬታ ከተገኘ ተጫዋቹ ቀይሮ ይመጣል፣ አለቀ። ጉድለቱ ሜዳ ውስጥ ቢታይ እንኳ ዳኛው ለዚያ ብሎ ጨዋታ ማቋረጥ አይጠበቅበትም፤ ኳሷ ስትቆም ልጁ ወጥቶ አስተካክሎ፣ ታይቶ ይመለሳል።

ችግሩ ይህን ፍተሻ ለወጉ ያህል የሚያደርጉ ዳኞች መኖራቸው ነው። አንዱ ዳኛ በፕላስተር የተጠቀለለውን የጋብቻ ቀለበት አይቶ ያልፋል፣ በሳምንቱ ሌላው ያስወልቃል። ተጫዋቹ እንግዲህ ሁለተኛው ዳኛ የጠመደው ቢመስለው ይፈረድበታል? አጥባቂውን ዳኛ ክፉ ያስመሰለው የፊተኛው ቸልተኝነት ነው። ቀለበት ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ መረብ ወይም ማልያ ላይ ከተያዘ ጣት ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉም የሚከፋው ውሳኔው በመጨረሻዋ ደቂቃ ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የኢራን ሴቶች ቡድን ለለንደን ኦሊምፒክ ማጣሪያ በዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ከዮርዳኖስ ቡድን ጋር ሊጫወት ለብሶ ከወጣ በኋላ በራስ መሸፈኛው ምክንያት ተከለከለ። ፊፋ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር አለ፤ ኢራኖች ልብሱ ተፈቅዶልናል ብለው ነበር የመጡት። ታዲያ ልብሱን በእጁ ይዞ፣ በፊርማ አጽድቆ ወይም ከልክሎ የሚጨርስ ሰው ከጨዋታው ቀን በፊት እንዴት ጠፋ? ክልከላው በ2014 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ሜዳ ላይ ያለቀሱት ልጆች ማጣሪያ ግን አልተመለሰላቸውም።

ሁሉም ደንብ ጥብቅና ይገባዋል ማለቴ አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. የኖርዌይ የባሕር ዳርቻ እጅ ኳስ ሴቶች ከቢኪኒ ይልቅ ቁምጣ ለብሳችኋል ተብለው 1,500 ዩሮ ተቀጥተዋል። ያ ደንብ ከጉዳት አይጠብቅ፣ ፉክክሩን እኩል አያደርግ፤ በዚያው ዓመት ተቀየረ። እንዲህ ያለውን ማስፈጸም ዳኛውንም ያዋርደዋል።

ተጫዋችን ከጉዳት የሚጠብቀውና ፉክክሩን እኩል የሚያደርገው ደንብ ግን ያለ አድልዎ ይከበር፣ ለኮከቡም ለተቀያሪውም። ውድድሩን የሚከታተለው ኮሚሽነር በቅድመ ውድድር ስብሰባ ላይ ፎርም መሰብሰቡ አይበቃም፤ የሚለበሰው ልብስና የሚደረገው ጫማ ራሱ ቀርቦ ይታይ፣ ማን እንዳየውም ይመዝገብ። ሳያይ የፈረመ ኃላፊና ሳይፈትሽ ያስጀመረ አወዳዳሪም እንደ ተጫዋቹ ይቀጣ።