የማላውቀው ሰው ክርን

ከየካቲት ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ የአንድ ሰው ክርን ነው። ሰውዬውን አላውቀውም። እሱም አያውቀኝም። ጠዋት ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ስልኬን የማነሳው ግን ክርኑ እንዴት እንዳደረ ለማየት ነው። ለእናቴ የምደውለው በሳምንት አንዴ ነው።

ነገሩ የመጣው ከመሥሪያ ቤት ነው። እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አብረውኝ የሚሠሩ ሰዎች 50፣ 50 ዶላር አዋጥተው በየዓመቱ የቤዝቦል ፋንታሲ ይጫወታሉ። የፕሪሚየር ሊጉን ፋንታሲ ለሚጫወት ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ተጫዋች ትመርጣለህ፣ እሱ ሜዳ ላይ የሠራው ላንተ ይቆጠራል። እዚህ ግን አንዱ የወሰደውን ሌላው አይወስድም። ስለዚህ ተራ በተራ የሚመረጥበት አንድ ምሽት አለ። ድራፍት ይሉታል። ባለቤቴን «ቅዳሜ ማታ ድራፍት አለብኝ» ስላት የምናውቀው ድራፍት መስሏት «እንዳታመሽ» ብላ አለፈችኝ። እሱም ቢሆን አልጠፋም።

ዱላ ይዞ የሚመታውን መምረጥ ቀላል ነው። መከራው ያለው ኳስ ወርዋሪው፣ ፒቸሩ ላይ ነው። በተለይ ጨዋታውን የሚጀምረው። ይህ ሰው የሚሠራው በአምስት ቀን አንዴ ነው። ሌላውን ቀን ያርፋል። ግማሾቹ ግን ዓመቱን ሳይጨርሱ ይታመማሉ እያልኩ ስብሰለሰል ባለቤቴ ሰማችኝ።

«አራት ቀን አርፎ ነው የሚታመመው?»

መልስ አልነበረኝም።

ልጅ ለመዳር እንኳ እንዲህ አይጠናም። መጀመሪያ የሚታየው በዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ፣ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚቆጠርበት ነው። ጓደኞቹ ኳስ አምልጧቸው የተቆጠረው በእሱ ላይ አይጻፍም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚወስን ሰው በየጨዋታው ተመድቦ ቁጭ ብሏል። በየቤቱ አንድ አንድ ቢመደብልን ስንት ሽማግሌ ከድካም ባረፈ!

ድል ግን ሌላ ጣጣ ነው። የኒው ዮርክ ሜትሱ ጄከብ ዲግሮም እ.ኤ.አ. በ2018 አማካዩ 1.70 ነበር። ተአምር ነው። ለምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግን ሽልማትም ወሰደ። ስንት ጨዋታ አሸነፈ? 10። ዘጠኙን ተሸነፈ። እሱ ባላጋራውን ጸጥ አሰኝቶ ይወርዳል፣ የራሱ ጓደኞች ነጥብ ማምጣት ያቅታቸዋል። ዶሮ ወጡን አሳምራ ሠርታ እንጀራ የሚያመጣ እንደጠፋባት ባለሙያ ማለት ነው። የእኛ ቢሮ ደግሞ ድል ይቆጥራል። ጨካኝ ቢሮ ነው።

ቀጥሎ አገሩ ይጠየቃል። የሚጫወተው ለዴንቨር ከሆነ ማንም አይነካውም። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ የተመታ ኳስ ይርቃል፣ ሊታጠፍ የተወረወረውም እንደልቡ አይታጠፍም። ደጋ ሯጭ እንጂ ፒቸር አያበቅልም። አዲስ አበባ ደግሞ ከዴንቨር በ700 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ጃን ሜዳ ላይ ቢጫወቱ ኳሱን ኮተቤ ሄደን ነበር የምንለቅመው።

ይኼ ሁሉ ግን ከጤና፣ በተለይ ከክርን በኋላ ነው። የዋሽንግተን ሰው ስለ ፒቸር ጤና ቁስል አለበት። ፒቸሩ ስቲቨን ስትራስበርግ እ.ኤ.አ. በ2019 የከተማውን ቡድን ናሽናልስን ለዋንጫ ሲያበቃ የዎርልድ ሲሪሱ፣ የፍጻሜው ግጥሚያ፣ ኮከብ ተባለ። ወዲያው ለ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከዚያ በኋላ እስኪሰናበት የወረወረው 8 ጨዋታ ነው። ስምንት! ሒሳቡን መሥሪያ ቤት ውስጥ በካልኩሌተር ሠርቼ ደመወዜን ባየሁ ጊዜ አለቃዬን ሰላም ማለት አስጠላኝ።

የክርን ጅማት ሲበጠስ ደግሞ ቶሚ ጆን የሚሉት ቀዶ ሕክምና አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ፍራንክ ጆብ የተባለ ሐኪም ከፒቸሩ ከቶሚ ጆን ቀኝ እጅ ጅማት ወስዶ ግራ ክርኑ ላይ ሰፋለት። ሰውዬው ተመልሶ 164 ጨዋታ አሸነፈ፣ እስከ 46 ዓመቱ ወረወረ። ሕክምናው የተጠራው በታማሚው ስም ነው፤ ሐኪሙን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። የእኛ ቢሮ ሰዎች አሁን «ቶሚ ጆን አለው?» የሚሉት «ዲግሪ አለው?» በሚባልበት ድምፅ ነው።

ድራፍቱ ደረሰ። እኔ ሠላሳ ገጽ አትሜ፣ በሦስት ቀለም አስምሬ ሄድኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ምንም አልያዘችም። በማልያው ቀለም ነው የምትመርጠው። (ዓምና የበላችው እሷ ናት።) ተራዬ ሲደርስ ያ ሁሉ ጥናት ጠፋብኝ። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ አሥራ አንድ ሰው ያየኛል። በሰዓት 100 ማይል የሚወረውረውን ልጅ ጠራሁ። ክርኑ ግን ያሰጋል። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ዓይን ይገባዋል።

ባለቤቴ አንድ ወር ሙሉ ሳቀችብኝ። ባለፈው እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና እያፈላች ድንገት፣

«ያ ልጅ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«የቱ ልጅ?»

«ባለ ክርኑ ነዋ!»

«ደህና ነው፤ ተመስገን። ትናንት ሰባት ኢኒንግ ወረወረ።»

ረከቦቱን ትታ ቀና አለች። «ሰባት? ምነው፣ እናት የለውም እንዴ!»