ቀያሪው እኔ፣ መቺው መዶሻ

ኧረ ሰለቸኝ! በትንሿ ሚሊንግ ማሽኔ (ብረት መቅረጫዬ) አንዲት ቀዳዳ በስቼ የብሎን ጥርስ ላወጣላት ስል፣ መቁረጫ ለመቀየር ከላይ ያለውን ረጅም ብሎን ፍታ፣ በመዶሻ ምታ፣ ኮሌቱን (መቁረጫውን ጨብጦ የሚይዘውን) አውጣ፣ ሌላ ክተት፣ ከዚያ የዜድን (የላይ-ታቹን) ቁመት እንደገና ከዜሮ ጀምር። አር-8 የሚባለው የኮሌቱ ሾጣጣ በራሱ አይነክስም ይባላል፤ የኔው ግን ካልተመታ ንቅንቅ አይልም። (ኤምቲ-3 የሚባለው ሌላ ዓይነት ሾጣጣ ያለው ሰው ደግሞ ይብስበታል፤ የሱ ሾጣጣ መንከስ ሥራው ነው።)

እሺ፣ ቶሎ የሚቀየር መያዣ ልግዛ አልኩ። የ3/4 ኢንች ቀጥ ያለ ዘንግ ያላቸው አሉ፤ ትከሻቸው ስፒንድሉ (የሚሽከረከረው የማሽኑ ዘንግ) አፍ ላይ ስለሚያርፍ ቁመቱን አንዴ ለክቶ መመዝገብ ብቻ ነው። ደስ ይላል! ጠንከር አድርገህ ስትቆርጥ ግን ከኮሌቱ እየተንሸራተተ ወርዶ ሥራህን ይቦረቡረዋል። ኢአር-32 የሚባለውን የኮሌት መያዣ እዚያው ማሽኑ ላይ ልተወው ብል፣ መቁረጫ በቀየርኩ ቁጥር የሚገባበት ጥልቀት ይለያያል። በመያዣው ላይ የመሰርሰሪያ ቻክ ስጨምርበትማ፣ ሥራውን ጨብጦ የሚይዘው ቫይስ ከበላው የተረፈችው ክፍተት ታልቃለች፤ ትንሽ ማሽን አይደል!

ደግሞስ አንድ መያዣ ገዝቶ ማን ያቆማል? ለስድስት መቁረጫ ስድስት መያዣ። ርካሹን ስትገዛ እየተወዛወዘ ይሽከረከራል፣ ደህናውን ስትጠይቅ የማሽኑን ዋጋ ሊስተካከል ምንም አይቀረው። መዶሻዬ የት ነው ያለው?