እርማት፦ የቪ6 ቀዳሚዋ ዲኖ አይደለችም

«ቪ6 ሞተር ይዛ ለገበያ የወጣች የመጀመሪያ መኪና የፌራሪ ዲኖ ናት» ብለሃል፣ ወንድሜ። (ቪ6 ማለት ስድስት ሲሊንደሮቹ በV ቅርጽ የተደረደሩ ሞተር ነው።) ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም። ዲኖ የመጣችው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። የጣሊያኑ መኪና አምራች ላንቺያ ደግሞ በ1950 (እ.ኤ.አ.) አውሬሊያ የተባለችውን መኪና በቪ6 መሸጥ ጀምሯል። ሞተሩ የመሐንዲሱ የፍራንቼስኮ ዴ ቪርጂሊዮ ሥራ ነው።

በዓመቱ ባለሁለት በሯ አውሬሊያ፣ ቢ20 ጂቲ፣ ተከተለች። ይቺ ጉደኛ ናት! 2 ሊትር በማይሞላ ሞተር በ1951ዱ ሚሌ ሚሊያ፣ በጣሊያን የመንገድ ላይ የመኪና ውድድር፣ 2ኛ ወጣች። የቀደመቻት ፌራሪ ሞተር ከ4 ሊትር በላይ ነበር። የቢ20 ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ክብደቱ እንዲመጣጠን ከኋላ ነው የተገጠሙት። ዲኖ ታምራለች፣ አልክድም፤ እኔ ግን ቢ20ን እመርጣለሁ። ችግሩ፣ የተሠሩት ከ4,000 ያነሱ ስለሆኑ ዋጋዋ አይቀመስም።