ፉከራው ያላለቀለት ሰው

ጎጃም ውስጥ ራስን ማወደስ ነውር የለውም፤ ቦታና ሰዓት አለው እንጂ። የሰርጉ ዳስ ሲሞቅ አንዱ «ዘራፍ!» ብሎ ዱላውን እየነቀነቀ ይነሣል፤ የዘር ሐረጉን ይደረድራል፤ እልል ይባልለታል፤ ላቡን ጠርጎ «እስቲ ጠላ ቅዱልኝ» ይላል። አለቀ። በማግስቱ ለወንፈል ሲጠራ ማጭዱን ይዞ ከተፍ ነው።

ጣጣው ፉከራው ያላለቀለት ሰው ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዜር ያጽናሽ» ሳይል የገዛ አባቱን ተዝካር ስንት በሬ እንደታረደበት ያወራል። ሟች በራሱ ለቅሶ ሁለተኛ ይወጣል።

ግን ቀስ ነው። ዘንድሮ ቲክቶክ ያየ ሁሉ ሐኪም ሆኗል፤ ባል ወጡን «ጨው በዛበት» ካለ ናርሲሲስት፣ ማለት ራሱን አምላኪ፣ ነው! የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ናርሲሲስትነትን እንደ ስብዕና መታወክ በ1980 እ.ኤ.አ. በምርመራ መመሪያው አሰፈረ። የዛሬው መመሪያ ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5 ይጠይቃል፦ ራስን ማግዘፍ፣ የማያልቅ የሥልጣንና የዝና ሕልም፣ «የሚመጥነኝ ጥቂት ሰው ነው» ባይነት፣ የሙገሳ ረሃብ፣ «ይገባኛል» ማለት፣ ሰውን መጠቀሚያ ማድረግ፣ የሌላው ሕመም አለመሰማት፣ ምቀኝነት፣ ትዕቢት። እሱም ከወጣትነት ጀምሮ፣ በቤትም በእድርም በሥራም ሲታይ ነው። አንድ ቀን ሰክሮ የፎከረ አይቆጠርም።

ከዚሁ የስብዕና መታወክ መደብ ሌሎች 3 አሉ። አንዱ ዓይን ካልተጣለበት የማይሆንለት ነው፤ ናርሲሲስቱ መደነቅ ሲሻ፣ ይሄኛው ቢታዘንለትም ቢሳቅበትም ይበቃዋል። ሌላው ልተው ነው ብሎ ሲፈራ ይኖራል፤ ጧት መልአክ ያለዎትን ማታ ሰይጣን ይልዎታል። ሦስተኛው የሰው መብት ረግጦ አይጸጸትም፤ ከእሱ ጋር እቁብ አይግቡ።

ስውሩን ናርሲሲስት ግን ማንም አይጠረጥርም። ሰርግ ላይ ሆን ብሎ በር ሥር ይቀመጣል። «ግዴለም፣ እኔ እዚሁ ይበቃኛል።» «ኧረ በሞቴ!» ይሉታል፤ ሁለት ሽማግሌ ክንዱን ይጎትታል፤ እሱ ይግደረደራል። ጎታች ያጣ እንደሆነ እስከ ከርሞ ሰርግ ያኮርፋል።

አብሮት ለሚኖር፦ ሰው ፊት አይገሥጹት፣ ውርደት እንደ እሳት ይለበልበዋል። አይከራከሩት። «አጎቴ፣ ዛሬ ገንዘብ አላበድርም» ብሎ ማቆም ነው፤ ምክንያት ከጨመሩ ሲሟገት ያመሻል። ለራሱ ለመታወኩ ተብሎ የጸደቀ ኪኒን የለም፤ ያለው ረጅም የንግግር ሕክምና ነው። ሐኪም ዘንድ የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ ድብርት ሲጥለው ወይም ሚስቱ ጥላው ስትሄድ ነው፤ ያኔም የሚያስመዘግበው የሚስቱን ሕመም ነው።