ሬይ ሃባርድ ላይ ከዳር ቆሞ ባስ ይያዛል ወይስ አይያዝም?

ይሄን ክርክር ሳልጽፈው ካለፍኩ ያንገበግበኛል። ዳላስ አካባቢ ያላችሁ ሬይ ሃባርድን ታውቁታላችሁ፣ ጋርላንድና ሮውሌት አጠገብ ያለው ትልቁ ውሃ፣ በአይ 30 ወደ ሮክዎል ስትሄዱ በላዩ የምታልፉበት። ሰሞኑን ቡና ላይ ሶስት ሰዎች፣ ከዚህ ሃይቅ ዳር ቆሞ ባስ የሚባለውን አሳ መያዝ ይቻላል አይቻልም በሚል ተያያዙ። ሶስቱም ጀልባ የላቸውም፣ ከዳር ቆመው ነው የሚያጠምዱት፣ ሲያወሩ ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ ሃይቅ ያዩ ነው የሚመስለው።

"በቃ ወስኛለሁ፣ ጀልባ በብድር እገዛለሁ" ብሎ የጀመረው ወጣቱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው የሚለው፣ ሃይቁ ከ20 ሺህ ኤከር በላይ ነው፣ ከዳር ቆመህ ብትወረውር ብትወረውር 40 ሜትር ብትደርስ ነው፣ እሱም ባዶ ጭቃ ላይ። ቪዲዮ ላይ የሚያያቸው ሰዎች ሁሉ ወይ የቆመ ደረቅ ዛፍ ስር ወይ የወደቀ ግንድ አጠገብ ወይ ሳር መሃል ነው የሚጥሉት፣ እዚህ ግን ከድልድዮቹ ድንጋይና ወደ ሰሜን ጫፍ ካሉት ደረቅ ዛፎች ውጪ ምን አለ? "ባስ መደበቂያ ይፈልጋል፣ መደበቂያ ከሌለ ባስ የለም፣ ካለም መሃል ላይ ነው ጀልባ ያለው ሰው ጋ። ሌክ ፎርክ የሚባለው ሌላው የቴክሳስ ሃይቅ ብትሄዱ እኮ ዛፉን ሳይቆርጡ ነው ውሃ የሞሉት፣ የቴክሳስ ሪከርድ 18.18 ፓውንዱ ባስ በ1992 የወጣው ከዛ ነው፣ ዝም ብሎ አይደለም" አለ።

ትልቁ ሰውዬ ዝዋይ አካባቢ ነው ያደጉት፣ ቆሮሶና አምባዛ በክርና በመንጠቆ ብቻ እያወጡ። "አንተ ልጅ ገንዘብህን ውሃ ላይ አትበትን" አሉት። የሚገርመው ግን ሃይቁ ባዶ ነው በሚለው ላይ ከሱ ጋር ተስማሙ፣ እንደውም ምክንያቱን ከሱ የተሻለ አስረዱ። ይሄ መሬት ውሃ ሳይተኛበት በፊት ጥጥ የሚታረስበት ጥቁር አፈር ነው፣ የበቾ መረሬ በሉት፣ ዝናብ ሲመታው ጫማህን የሚነጥቅ በጋ ላይ የሚሰነጣጠቅ። ዛፍ የነበረው ወንዙና ጅረቱ ዳር ብቻ ነው፣ ሌላው ሜዳ። የትሪኒቲ ወንዝን ምስራቃዊ ገባር ገድበው ውሃውን ያስተኙት በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፣ ለዳላስ ከተማ መጠጥ ውሃ፣ ለአሳ አስበው አይደለም፣ ያኔ የቀረ ቁጥቋጦ ቢኖር እንኳ ከ50 ዓመት በላይ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ምን ይተርፋል። "ስለዚህ ባሱን ተወው፣ ወንበርህን ዘርጋ፣ አምባዛ ራሱ ይመጣልሃል" ነው የሳቸው መደምደሚያ።

እስካሁን ዝም ብላ ቡናዋን የምትጠጣ አንዲት ሴት አለች፣ ነርስ ናት፣ ማታ ትሰራና ጠዋት ከስራ ስትወጣ ቤት ሳትገባ አንድ ሰዓት ያህል ሃይቁ ጋ ቆማ ነው የምትሄደው። "ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ባስ የምይዘው እኮ ባዶ ስለሆነ ነው" አለች። ወጣቱ ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነው። "ሜዳ ላይ አንድ ግራር ብቻ ካለ ከብቱ ሁሉ የት ነው የሚያርፈው? ሌክ ፎርክ ላይ ዛፉ ሺ ነው፣ አሳው ከሺው የቱ ስር እንዳለ ፈልገህ አትጨርስም። እዚህ ግን ግማሽ ማይል ዳር ላይ ያለው ነገር አንድ የጎርፍ ቱቦ ከሆነ፣ ቱቦውን አገኘህ ማለት አሳውን አገኘህ ማለት ነው።"

"እድል ነው" አለ ልጁ።

"እድል አይደለም፣ እግር ነው። አንተ መኪናህን ያቆምክበት ቦታ ላይ ቆመህ ሁለት ሰዓት ትወረውራለህ፣ ጋሼ ደግሞ ይቀመጣሉ፣ እኔ እሄዳለሁ።"

ከዛ ስለ ርቀት ተጣሉ። ልጁ ረጅም ዘንግ ገዝቷል፣ ቀጭን ክር አስሯል፣ ሁሉም ወደ መሃል ለመድረስ ነው። እሷ በተቃራኒው፣ ባሱ ጠዋት ላይ እግርህ ስር ነው አንተ በላዩ አሻግረህ ነው የምትወረውረው ትላለች። ድንጋይ የተደረደረበት ቦታ ላይ ወደ መሃል ከወረወርክ ማጥመጃህ ድንጋዩ አጠገብ የሚያልፈው መጨረሻ ላይ ልታወጣው ስትል ነው፣ ከድንጋዩ ጋር ጎን ለጎን ከወረወርክ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳው ባለበት ጥልቀት ላይ ነው የሚሄደው። ሻድ የሚባለው ትንሹ ብርማ አሳ በጸደይ ጎህ ሲቀድ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ነው የሚራባው፣ ክሮፊሽ የሚባለው ባለ መቆንጠጫ ትንሽ የውሃ እንስሳም ድንጋዩ መሃል ነው የሚኖረው፣ ባስ ደግሞ ምግቡን ትቶ መሃል ሄዶ ምን ይሰራል? ይሄን ስትል ልጁ ትንሽ ዝም አለ።

ንፋስ ላይ ግን ክርክሩ ከትልቁ ሰውዬ ጋር ሆነ። እሳቸው የድልድዩ ሰሜን በኩል ነው የሚቀመጡት፣ እዚህ አገር በጸደይና በበጋ ንፋሱ ከደቡብ ስለሆነ እዛ ጋ ውሃው ጸጥ ይላል ወንበርም አይገለበጥም። "ማዕበል ፊት ለፊት እየመታህ ምኑን ታጠምዳለህ?" አሉ። እሷ ደግሞ ሆን ብላ ማዕበሉ የሚመታውን ጎን ነው የምትመርጠው፣ ንፋሱ ውሃ ውስጥ ያለውን ረቂቅ ምግብ ወደዛ ይገፋል፣ ሻዱ እሱን ይከተላል፣ ውሃው ስለሚደፈርስና ስለሚናወጥ ደግሞ ባሱ ሳይፈራ ወደ ዳር ይጠጋል። "ጋሼ እርስዎ የሚመቾትን ቦታ ነው የመረጡት፣ አሳው የሚመቸው ማዶ ነው" ስትላቸው ሰውዬው አልተቀየሙም፣ ግን "እኔ አምባዛ ይበቃኛል" ብለው አለፉት።

ልጁ ግን በቀላሉ የሚለቅ አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጥያቄ አመጣ። "እሺ ጸደይ ላይ ይሁን፣ ሐምሌና ነሐሴስ? ውሃው ገላ መታጠቢያ ሲሆን?" እሷም አልካደችም፣ በበጋ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከዳር ባስ መፈለግ ልፋት ነው አለች፣ ወይ ጎህ ሳይቀድ ወይ ከመሸ በኋላ፣ የቀረውን ሰዓት ተኝታ ነው የምታሳልፈው። ቀዝቃዛ የሰሜን ንፋስ ገብቶ ሰማዩ ጥርት ባለ ማግስትም እንደዛው፣ አሳው አፉን ይዘጋል።

በመጨረሻ ትልቁ ሰውዬ አንድ ነገር ጠየቁ፣ "የያዝሽውን ባስ ምን ታደርጊዋለሽ?" እለቀዋለሁ ስትል ተናደዱ፣ የተያዘ አሳ መልቀቅ ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው፣ ምግብ ነው እኮ አሉ። እዚህ ላይ ሁሉም አንድ ላይ መናገር ጀመረና ቡናውም ሶስተኛ ደርሶ ነበር፣ ሳይቋጭ ተበተነ።

እንግዲህ የኔን ልበል፣ ያኔ ብዙም ስላልተናገርኩ።

እሷ ትክክል ናት፣ ግማሽ በግማሽም አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ። ልጁ መደበቂያ ሲል ዛፍና ግንድ ብቻ ነው የሚታየው። ባዶ ሃይቅ ላይ ግን የምትፈልገው ለውጥን ነው፣ ማንኛውንም ለውጥ። ጭቃው አልቆ ጠጠር የሚጀምርበት፣ የተደረደረው ድንጋይ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚቀየርበት፣ ዳሩ ወደ ውሃው ሾል ብሎ የሚገባበት፣ የድሮ ጅረት ወደ ዳር ተጠግቶ የሚያልፍበት። ከላይ ሲታይ ሁሉም አንድ አይነት ውሃ ነው፣ ስለዚህ በአይን ሳይሆን በእጅ ነው የሚታወቀው። ማጥመጃውን የሚያሰምጥ ከባድ እርሳስ ክሩ ላይ አስገብታችሁ ከበታቹ የፕላስቲክ ትል እሰሩና መሬት ለመሬት ቀስ እያላችሁ ጎትቱት። መረሬው ላይ ሲሆን እርሳሱ ትንሽ ይሰምጣል፣ ዘንጉ ላይ የሚሰማችሁ ዝም ያለ ክብደት ብቻ ነው፣ ሳብ ስታደርጉት እንደመላቀቅ ይላል። ጠጠር ላይ ሲደርስ ግን በድንገት ጣታችሁ ላይ ቀጭን ንዝረት ይመጣል፣ ጠክ ጠክ ጠክ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እንደገና ዝም። ያ ጠክ የጀመረበትና ያቆመበት መስመር ነው ቦታችሁ፣ ዳር ላይ ምልክት ያዙና በሚቀጥለው ቀን ተመለሱበት።

ቱቦ ያለችውን ደግሞ አቃልላችሁ አትዩት። ዝናብ ዘንቦ ካባራ በኋላ ሄዳችሁ እዩ፣ ከቱቦው የሚወጣው ቡናማ ውሃና አረንጓዴው የሃይቁ ውሃ ሲገናኙ በመሃላቸው ጥርት ያለ ድንበር ይሰራሉ፣ በዛ ድንበር ላይ ትንንሽ አሳዎች ብልጭ ብልጭ ሲሉ ታያላችሁ። ጎርፉ በየጊዜው እየቦረቦረ ከቱቦው አፍ ፊት ጉድጓድ ያበጃል፣ ብዙ ጊዜ ዳሩ እንዳይሸረሸርም ድንጋይ ያፈሱበታል። በአንድ ሜዳ ላይ ጥልቀትም ድንጋይም ምግብም አንድ ቦታ ተገናኙ ማለት ነው፣ ባስ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል።

ከሶስቱ ማንም ያላነሳው ነገር ደግሞ አለ። በጋው ሲያልቅ ከተማው ውሃውን ጠጥቶት ፀሐዩም አትንኖት ሃይቁ ወረድ ሲል፣ ያኔ ዘንግ ባትይዙም ስልካችሁን ይዛችሁ ዳሩን ሂዱበት። በጸደይ አንድ ሜትር ውሃ ስር የሚሆነው መሬት ተገልጦ ታዩታላችሁ፣ ብቻዋን የቀረች ጉቶ፣ የጠጠር ክምር፣ የድሮ አጥር ቋሚ፣ ሁሉንም ፎቶ አንሱ፣ ስልኩ ቦታውን ራሱ ይመዘግብላችኋል። ሁለተኛው የድሮ ካርታ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከግድቡ በፊት የተሰሩ ካርታዎችን በነጻ ነው የሚያስወርደው፣ ዛሬ ውሃ የሆነው ቦታ ላይ የነበሩት የገጠር መንገዶችና ጅረቶች ተስለውበታል። ጠንካራ መሰረት ያለው መንገድ ውሃ ስር ሄዶም መንገድ ነው፣ ከዳር ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚገባ መንገድ ካገኛችሁ በእግራችሁ የምትደርሱበት ጠጠር አገኛችሁ ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ጀልባ አያስፈልግም።

ውሃው 60 ፋራናይትን ሲያልፍ፣ በኛ በኩል ብዙ ጊዜ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ባሱ ራሱ ነው ወደናንተ የሚመጣው፣ ምክንያቱም እንቁላል የሚጥለው ከንፋስ በተከለለ፣ ጥልቀቱ ከወገብ በማያልፍ፣ መሬቱ ጠንከር ባለ ጥግ ነው። ከሰሜን ንፋስ የተከለለ ጥግ ደግሞ ቀድሞ ይሞቃል። በዛ ወቅት ከዳር የቆመ ሰው ጀልባ ካለው ሰው አያንስም፣ አንዳንድ ቦታ ጀልባ የማይገባበት ጥልቀት ስለሆነ እንደውም ይሻላል።

መልቀቅን በተመለከተ ትልቁን ሰውዬ አከብራቸዋለሁ ግን አልስማማም። ህጉ 14 ኢንች ያልሞላ ባስ እንዳይወሰድ በቀን ከአምስት በላይም ወደ ቤት እንዳይወሰድ ይከለክላል፣ እሱ ለማንም ግዴታ ነው። እኔ የምለው ከህጉ አልፎ ነው፣ የግማሽ ማይል ዳር አሳ አንድ ቱቦ ላይ የሚሰበሰብ ከሆነ ያንን ቱቦ አራጋፊውም አንድ ሰው ነው። በህግ የተፈቀደልኝ ነው ብሎ በየቀኑ አምስት አምስት እያወጣ አንድ ሳምንት ቢመላለስ ቦታው ለሁላችንም ይሞታል፣ በተለይ ጸደይ ላይ እንቁላል የያዘችዋን ትልቋን ከወሰዳት። ለድስት አምባዛ አለ፣ እሳቸው ራሳቸው አዋቂው ናቸው፣ ለዛውም ጣፋጭ ነው።

ልጁ ብድሩን ይተወው። አሁን ባለው ዘንግ፣ አንድ ስፒነርቤይት (የሚሽከረከር ብረት ያለው ማጥመጃ) እና አንድ ፓኬት የፕላስቲክ ትል ይዞ፣ ደቡብ ንፋስ በሚነፍስበት ጠዋት ከሷ ጋር ሄዶ ማዕበሉ የሚመታውን ድንጋይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይራመደው። እሷ ደግሞ ና አብረን እንሄዳለን ብላዋለች፣ እስካሁን መልስ አልሰጣትም።