ሰነፍ ያላችሁት ታሞ እንደሆነስ?

የሰሜን ሸዋ ሰዎች ሆይ፣ በደብረ ብርሃን ፋብሪካ በፈረቃ የምትገቡ፣ በመሐል ሜዳና በዓለም ከተማ ቢሮ የምትውሉ፣ በአረርቲና በሸዋ ሮቢት የምታስተምሩና የምታክሙ፣ ይልቁንም አለቃ የተባላችሁ፦ ባልደረባችሁ እግሩ ቢሰበር ተሸክማችሁ ሐኪም ቤት ታደርሱታላችሁ። እንቅልፍ ሲያጣ፣ ምግብ ሲዘጋው፣ የሚወደው ሁሉ ሲያስጠላው ግን «ሰነፈ»፣ «ኮራ»፣ «ጠጪ ሆነ» ትላላችሁ። ነውር ነው!

ድብርት በሽታ ነው። ሐኪም የሚጠረጥረው መከፋቱ ወይም የነገር ሁሉ መሰልቸት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አልለቅ ሲል፣ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ፍላጎት፣ ከጉልበትና ከሐሳብ መሰብሰብ ችግር ጋር ተደርቦ ሲመጣ ነው። በሥራ ቦታ መልኩን ይቀይራል። ጥንቁቁ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ደረሰኝ ሁለቴ ይመዘግባል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነቅቶ ያደረው ሰው ጠዋት ፊርማ ያልፈዋል። ብዙዎቹ ደግሞ «ከፋኝ» አይሉም፤ «ጨጓራዬን»፣ «ራሴን»፣ «ወገቤን» ነው የሚሉት። የጨጓራ መድኃኒት ከፋርማሲ እየገዛ ወራት የሚያልፉት ባልደረባ ካላችሁ፣ እንቅልፉንም ጠይቁት።

አለቆች፣ ሰው በሥራ ብዛት ብቻ አይታመምም። ሁለት ኃላፊ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ ሲሰጠው፣ ስለራሱ ሥራ አንድ ቃል መናገር ሲከለከል፣ ነገ ልባረር ይሆን ብሎ ሲያድር ነው የሚሰበረው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በቴሌግራም ግሩፕ ሥራ ማዘዝ ትጋት ሊመስላችሁ ይችላል፤ የሠራተኛውን ሌሊት ግን ሰርቃችኋል። ግምገማ የምትሉትንም ተመልከቱት። ሰውን በሠላሳ ባልደረቦቹ ፊት አቁሞ ድክመቱን ማስቆጠር ሥራውን አያሻሽልም፤ ጥፋትን መደበቅ ብቻ ያስተምራል። የሥራ ጉድለት ለብቻ፣ በር ተዘግቶ፣ ቀንና ሰነድ ተጠቅሶ ይነገራል።

ማነጋገሩንስ ታውቁበታላችሁ? ኮሪደር ላይ «ምን ሆነሃል ግን አንተ?» ብሎ ማለፍ መጠየቅ አይደለም። ሰው የማይገባበት ክፍል ፈልጉ፣ ስልካችሁን ዝጉ፣ ሃያ ደቂቃ ስጡ። ከስሜቱ ሳይሆን ካያችሁት ጀምሩ፦ «ከመስከረም ወዲህ ሪፖርቱ ሦስት ጊዜ ዘግይቷል፤ ምሳም ከእኛ ጋር አትበላም። እንዴት ነህ? እንቅልፍስ?» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳችኋል፤ ቻሉት። «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ?» አትበሉ፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ እንዲመለስ የምታደርገው ይህች ናት። ተስፋ መቁረጡ ከበዛ በግልጽ ጠይቁ፦ «ሕይወትህን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ይልቁንም ያቀልለታል። «አዎ» ካለ ምስጢር እጠብቃለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ ብቻውንም አትተዉት። ቤተሰቡ የቤቱን ጠመንጃና የጸረ ተባይ መድኃኒት እንዲያርቅ አድርጉ፤ ያኑ ቀን ሆስፒታል አድርሱት። የደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

አሁን ወደ ሕጉ። ብዙ ሰው እንጀራውን የሚያጣው በበሽታው ሳይሆን በወረቀት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ደመወዝ። የአእምሮ ሕመምም ሕመም ነው። ሠራተኛው ግን በቀረ ማግስት ማሳወቅና የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰው ስልክ ይደውላል ብላችሁ ታስባላችሁ? አይደውልም። ቀኖቹ ይቆጠራሉ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይወጣል፣ በ6 ወር ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት በድምሩ 5 የሥራ ቀን ከቀረ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ወዲያው መሰናበት ይመጣል። ስለዚህ ባልደረቦች፣ ሰው በቀረ በሁለተኛው ቀን ቤቱ ሂዱ። ለኃላፊው «ታሟል» ብላችሁ አስመዝግቡ፣ ሐኪም ጋር አብራችሁ ግቡ፣ ማስረጃውን በታሸገ ፖስታ ለሰው ሀብት አድርሱ። ፖስታውን የሚከፍተው አንድ ሰው ይሁን፤ የበሽታው ስም ሻይ ቤት ከደረሰ በሽተኛው ዳግመኛ አይታከምም። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ስለሆነ የፈቃዱን ልክ ከሰው ሀብት ክፍሉ ይጠይቅ።

ይኸው አዋጅ የትርፍ ሰዓት ሥራን በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ላይ ይገታዋል። የዓመት ፈቃድም በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ሠራተኛው ሥራውን ካልለቀቀ በስተቀር በገንዘብ መለወጡ ክልክል ነው። «ፈቃዴን ሽጬ» እያላችሁ የምትኩራሩ፣ የሸጣችሁት ዕረፍታችሁን ነው።

በ2013 ቤቱ አጣዬ ላይ ተቃጥሎ የወጣ፣ በ2014 ጦርነት ከደብረ ሲና የሸሸ ሰው ዛሬ አጠገባችሁ ተቀምጦ ይሠራል። በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ሌሊት በቅዠት ይነቃል፤ ቀን በትንሽ ነገር ይቆጣል። ጠበኛ አትበሉት። ፊቱን ወደ በር አዙሮ የሚቀመጥበት ቦታ ስጡት። ያየውን እንዲተርክ አታስገድዱት፤ ሲፈልግ ይናገራል። ለመርዳት ብሎ ታሪኩን እንደገና ማስወራት ቁስሉን የሚያመረቅዝበት ጊዜ አለ።

አረቄውንስ? ብርዱን አታሳብቡ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፣ በማግስቱ ድብርቱንና ጭንቀቱን ያባብሰዋል። ጭንቀቱን ለማስታገስ ማታ እንደገና ይጠጣል፤ አዙሪቱ ይኸው ነው።

ጸበሉን ማንም አይከለክላችሁም፤ ጻድቃኔ ማርያምም ሸንኮራ ዮሐንስም ሂዱ። መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ። የድብርት መድኃኒት ለውጡ በደንብ እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ማቅለሽለሹና ድካሙ ግን ከጥቅሙ ይቀድማል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በዚህ ክፍተት ነው። ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ለስድስት ወር ይቀጥላል፤ የሚቆመውም በሐኪም ምክር፣ ቀስ በቀስ ነው።

ሠራተኛው ከሕመም ፈቃድ ሲመለስ በመጀመሪያው ቀን የተከመረ ፋይል አታሸክሙት። ለሁለት ወይም ለአራት ሳምንት ሥራውን ቀንሱለት። መድኃኒቱ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘው ከሆነ ከማሽንና ከመኪና መሪ አርቁት፤ የሌሊት ፈረቃውን ለሌላ ስጡ፤ የሐኪም ቀጠሮውን ቀን አትቁረጡበት።

የገንዘብ ችግሩ የሚጀምረው ደመወዙ ግማሽ በሚሆንባቸው ሁለት ወራት ነው፤ ሰው ሕክምናውን አቋርጦ ሥራ የሚገባውም ያኔ ነው። የመሥሪያ ቤታችሁ ዕድር ለቀብር የሚከፍለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መተዳደሪያ ደንቡን አውጡና በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ በሐኪም ማስረጃ በግማሽ ደመወዝ ላይ ላለ አባል ጉድለቱን መሸፈን። ደመወዙ 8,000 ብር ቢሆን የሚጎድለው በወር 4,000 ነው፤ አርባ አባል መቶ መቶ ብር ቢያዋጣ ይሞላል።